የካህን መኪና

ታረቀ መርቸዲሱን ለመሸጥ የቆረጠው ሚስቱ ስሜነሽ ከአልጋዋ ተነሥታ በሩ ድረስ ለመሄድ መሀል ላይ ማረፍ የጀመረች ሰሞን ነው። ባሕር ዳር ያያት ሐኪም የዳሌዋ አጥንት መለወጥ አለበት አለ። አጥንት እንደ ፍሬን ሸራ ይለወጣል ብሎ ታረቀ አስቦ አያውቅም። ሐኪሙ ግን ይለወጣል፣ አዲስ አበባ የሚሠሩት አሉ፣ ክረምት ሳይገባ ቢሆን ጥሩ ነው አለ። ዋጋውንም ነገራቸው። ባልና ሚስቱ ከዚያ ተነሥተው ደብረ ማርቆስ እስኪገቡ ድረስ ስለ ዝናብ አወሩ።

ቤት ውስጥ ያን ያህል ገንዘብ ሊወጣው የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሱቁ የባጃጅ መለዋወጫ ነው፤ ተራግፎ ቢሸጥ ጎማና አምፖል ነው። ቤቱ ከተሸጠ ደግሞ ድና የምትመጣው ሴት የምትገባበት የለም። የቀረችው መርቸዲሷ ናት።

መኪናዋን ያገኛት አዲስ አበባ ሳለ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ዘንድ ብዙ ዘመን ሹፌር ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ለማላውቀው ከምሰጣት አንተ ውሰዳት ብሎ በወረደ ዋጋ ተወለት። ከዚያ ወዲህ ታረቀ እንዴት እንደያዛት ከተማው ያውቃል። አካሏ የሚታበስበት ጨርቅ ለብቻ ነው፤ መስታወቷ የሚታበስበት ለብቻ። ዘይቷ ጊዜው ሳይደርስ ይለወጣል። የወንበሮቿ ላስቲክ ሰውየው እንዳስለበሰው አለ። ስሜነሽ በመርቸዲሷ የተቀመጠችበትን ቀን ሁሉ ታስታውሳለች፤ በተቀመጠች ቁጥር "ጫማሽን አራግፊ" ትባል ነበርና። ከባሕር ዳር ሲመለሱም፣ በሩን ይዛ ለመግባት ስትታገል፣ ተብላለች። ታረቀ ያለውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ለደላላ መስጠት አልፈለገም። ለማርቆስ ደላላ የተነገረ ነገር ለከተማው ሁሉ ተነገረ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ሱቁ እየመጣ "ምነው ጋሽ ታረቀ፣ ምን ቸገረህ?" ሊለው ነው። ስለዚህ ፌስቡክ ውስጥ ባለ የመኪና መሸጫ ገጽ ላይ ራሱ ለጠፋት። ታርጋዋን በጋዜጣ ሸፍኖ ከፊትም ከኋላም አነሣት፤ ኮፈኗን ከፍቶ ሞተሯንም አነሣ። ከሥር የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። "ከባለቤቱ በቀጥታ። በጥንቃቄ የተያዘች። ሞተሯ ያልተነካ። ቦሎዋ የታደሰ። ደላላ እንዳይደውል።"

ደላላ ብቻ ደወለ።

አንዱ ገና የመጀመሪያው ዋጋ ሳይነገረው "የመጨረሻውን ንገረኝ ወንድሜ" ይላል። ሌላው መኪናዋ ጎጃም መሆኗን ሲሰማ "አሃ፣ የገጠር መንገድ የበላት" ብሎ ይዘጋል። ከፎቶው ሥር አንድ የማይታወቅ ሰው "በጥንቃቄ የተያዘች ያላለ ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ሳቀለት።

ታረቀ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሌሎቹን ማስታወቂያ ያነብ ጀመር። አንዷ መኪና "በሴት የተነዳች" ናት። አንዷ "የዶክተር መኪና"። አንዷ ደግሞ ባለቤቷ ከውጭ አገር ለእረፍት ሲመጣ ብቻ የምትነሣ። ስለ ሞተር እምብዛም የሚጽፍ የለም፤ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ሰው ነው። ስለ እሱ ምን ይጻፋል? የባጃጅ ዕቃ ሻጭ። ባጃጅ የሚለውን የሰማ ገዢ የቀረውን አያነብም። ዶክተር አይደለም፤ ሴትም አይደለም። ታዲያ ከጎጃም፣ ሰው የሚያምነው ማንን ነው ብሎ አሰበ። እዚያ ላይ ማሰቡን ቢያቆም ደግ ነበር።

"የካህን መኪና" ብሎ ጨመረበት። "ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር መንገድ የማታውቅ።"

ለራሱ የሚያቀርበው ነገር አላጣም። አባቱ ቄስ ነበሩ። እሱም በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል፤ ከዚያ ነው ጠፍቶ አዲስ አበባ የገባው። መኪናዋም በየዓመቱ ለጊዮርጊስ በዓል የቤተ ክርስቲያን መምህራንን ዲማ ገዳም ታደርሳለች። ካህን የተጫነባት መኪና የካህን መኪና ብትባል ምን አለበት ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ የባጃጅ ሹፌር መጥቶ የፊት መብራት ጠየቀውና ሐሳቡ ሳይጨረስ ቀረ። በኋላም አልጨረሰውም።

በማግስቱ በስልክ የሚመጣው ድምፅ ተለወጠ። "አባ፣ ይባርኩኝ" አለ አንድ ሰው፣ የመኪናን ስም ከማንሣቱ በፊት። ሰውየው ቡራኬውን ይጠብቃል፤ ጎንበስ ብሎ እንደሚጠብቅ በስልክም ያስታውቃል። "እግዚአብሔር ይባርክ" አለ ታረቀ። ይህን ማንም ሽማግሌ ይላል፤ ማንም አይጠየቅበትም።

ሰውየው ፈቃዱ ይባላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። መኪናዋን የሚፈልጋት ለእናቱ ነው፤ ታክሲ ላይ መውጣት አቅቷቸዋል። "ማስታወቂያውን ሳነብላት ሌላ አታሳየኝ አለች" አለ። በዋጋው ላይ አልተከራከረም። "እርስዎ ካሉ አባቴ፣ እኔ ምን እላለሁ?"

ዓርብ አማኑኤል ከተማ ላይ እንገናኝ ተባባሉ። ሰዎቹ ማርቆስ አድረው፣ ሻጩን ፍለጋ ወደ ምዕራብ ደግሞ መሄዳቸው ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። ማርቆስ ላይ ከመናኸሪያው እስከ ሱቁ የሚያልፍ ሁሉ ታረቀን ስለ ኋላ ጎማ ነው የሚጠይቀው፤ አማኑኤል የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ዓርብ ጠዋት ጋቢውን ደረበና ራሱን በነጭ ሻሽ ጠመጠመ። ስሜነሽ ከአልጋዋ ሆና አየችው።

"ራስህን አሞህ ነው?"

"ብርድ ነው።"

"በመጋቢት?"

"ከጮቄ ተራራ የሚመጣ ነፋስ አለ።"

ስለ ነፋሱ ጥቂት አሰበችበት። "ሰዎቹ የሚገዙ ናቸው?"

"ይመስላሉ።"

"እንግዲያው ለኔ ሕክምና ነው ብለህ እንዳትነግራቸው። አዝነው እንዲሰጡን አልፈልግም። አፍራለሁ።"

"አልነግራቸውም" አለ። ጆሮው ላይ የወረደችውን የሻሽ ጫፍ እንደገና ጠመጠማትና ወጣ።

ሰዎቹ አማኑኤል ላይ መንገድ ዳር ያለችው የዘቢደር ሻይ ቤት ተቀምጠው ነበር። ታረቀ ሌላ ቦታ ቢሆን በወደደ፤ ዘቢደርን ያውቃታል፣ ባሏ ባጃጅ አለው። በሩ ላይ አየችውና "ጥርስህን ነው እንዴ ጋሼ?" አለችው ወደ ሻሹ እያየች። ከኋላዋ ፈቃዱ ብድግ ብሎ "አባ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለ። ዘቢደር ፈቃዱን አየች፤ ሻሹን አየች፤ ታረቀን አየች። ከዚያ ጠረጴዛ መወልወል ጀመረች።

የፈቃዱ እናት ወይዘሮ ጥሩብርሃን ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የሳቡ ሴት ናቸው። አይነሡ ቢላቸውም ልጃቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉና ጠበቁ። የሚጠብቁት መስቀል ነው። የታረቀ እጅ ወደ ደረቱ ኪስ ሄደች፤ የነበረው የመኪና ቁልፍ ነው።

"መስቀል አልያዝኩም" አለ። ይህ እውነት ነው።

"ግድ የለም አባቴ፣ እጅዎ ይበቃኛል" አሉና እጁን ሳሙት። ጠዋት ዘይቷን ሲለካ ስለቆየ እጁ ሞተር ሞተር ይሸታል። "ራስዎ ነዎት የሚደክሙላት" አሉ በአድናቆት። "ዛሬ ቅዳሴ የለብዎትም?"

"ተረኛ አይደለሁም" አለ ታረቀ። ይህም እውነት ነው።

ፈቃዱ ሽሮ አዘዘ። መጥቶ ከጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ እናቱ በክርናቸው ነካ አደረጉት። "አንተ፣ የሁዳዴ ዓርብ ነው። አባታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ እኛ ፊታቸው ልንበላ ነው?" ፈቃዱ አፈረና እጁን ሰበሰበ። ሦስቱም ተቀምጠው ሽሮው ሲቀዘቅዝ አዩ። ታረቀ ጠዋት ዳቦ በሻይ በልቶ ነው የወጣው፤ ቢሆንም እንደዚያ ቀን ሽሮ ሸትቶት አያውቅም። ዘቢደር ልታነሣው መጣች።

"አይበሉም?" አለች።

"አባ ይጾማሉ" አላት ፈቃዱ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባ" አለች፣ የመጨረሻዋን ቃል ረገጥ አድርጋ። ባለፈው ሰሞን በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሰዓት፣ ጨምሪልኝ ብሏት ነበር። ይህን ግን አላነሣችም። ቢያነሡት የሚቀልል ነገር አለ፤ ዘቢደር ሳታነሣው ሄደች።

ፈቃዱ መኪናዋን ዞራት። በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሥር አየ፤ ኮፈኗን ከፍቶ ረጅም ጊዜ ቆመ። ነድቷት መንገዱን እስከ ጫፍ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። "እማዬ፣ ከሱቅ የወጣች ነው የምትመስለው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ካህን የያዘው ነገር መለየቱ መቼም…" አለ። ታረቀ ዓመት በዓመት ያጠበው፣ ያበሰው፣ የለወጠው ሁሉ በአንድ አረፍተ ነገር ለካህናት ተሰጠ። እሱም "ይመስገን" አለ።

"እንግዲህ ባንክ ቤት እንሂድ" አለ ፈቃዱ።

"ቆይ" አሉ እናቱ። "አንተ ሻይህን ጠጣ። እኔና አባ ጥቂት እንቀመጥባት።"

ታረቀ የኋላውን በር ከፈተላቸው። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን አወለቁና፣ በእጃቸው ይዘው፣ ቤተ መቅደስ እንደሚገባ ሰው ገቡ። እሱም በሌላው በር ገብቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ብዙ ዘመን የያዛት መኪና ናት፤ ከኋላ ተቀምጦባት አያውቅም።

"ልጄ መኪና ልንገዛ የመጣን ይመስለዋል" አሉ ቀስ ብለው። "የንስሐ አባቴ ካረፉ ወዲህ ሌላ አልያዝኩም። አንድ ነገር አለብኝ። አዲስ አበባ ላሉት እንዳልናገረው፣ ሁሉም ዘመዶቼን ያውቃሉ፤ አፈርኩ። ከሩቅ ቢሆን፣ ነግሬያቸው ዳግመኛ የማላያቸው አባት ቢሆኑ እያልኩ ስመኝ ነው ፈቃዱ ያን ጽሑፍ ያነበበልኝ። መኪናዋ ትሁን ትቅር፣ እኔ የመጣሁት ለዚህ ነው።"

"እማማ…" አለ ታረቀ።

"ይስሙኝ ብቻ" አሉና እጁን ያዙ።

ነገሩት። ምን እንዳሉት ታረቀ ለማንም ስላልተናገረ እዚህም የለም። ትልቅ ኃጢአት አልነበረም፤ እሱ ራሱ ላይ ከጠመጠመው ያነሰ ነበር። ግን ሴትዮዋ ሲናገሩት ድምፃቸው የልጅ ሆነ፤ መሀሉ ላይ አልቅሰው ቀጠሉ። ታረቀ አሁን ላስቁማቸው፣ አሁን ላስቁማቸው እያለ ኑዛዜው አለቀ።

"ይፍቱኝ አባቴ" አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ቃሉን ያውቀዋል። አባቱ ለስንቱ ሲሉት በልጅነቱ ሰምቷል፤ ዜማው ጭምር ምላሱ ላይ አለ። በመስታወቱ በኩል ፈቃዱ በስልክ ስለ ገንዘቡ ሲነጋገር ይታያል። አንዲት ቃል ናት። እሷን ቢል ስሜነሽ ለፋሲካ ባትደርስ ለክረምት ትደርሳለች። አፉን ከፈተ። ከሻሹ ሥር ላብ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

"እማማ፣ እኔ ካህን አይደለሁም።"

አንገታቸውን አላቀኑም። "ምን አሉኝ?"

"ካህን አይደለሁም። ሹፌር ነበርኩ። አሁን የባጃጅ ዕቃ እሸጣለሁ።"

ያኔ ቀና አሉ። መጀመሪያ ያዩት ፊቱን አይደለም፤ ሻሹን ነው።

"ይሄስ?"

"ብርድ ነው ብዬ ነው።"

"ብርድ የለም።"

"የለም" አለና ፈታው። ፈትቶ የሚያደርግበት ስላጣ ጭኑ ላይ አጣጠፈው።

ወይዘሮ ጥሩብርሃን እጃቸውን ከእጁ ላይ አነሡ። "አንተ" አሉት፤ እርስዎ ማለታቸው እዚያ ላይ ቀረ። "ታዲያ ያን ሁሉ ስናገር ምን ትሰማለህ?"

"ላስቆምዎ ነበር።"

"አላስቆምከኝም።"

"አላስቆምኩም።"

"አሁን ነገሬ የት ሄደ? ለእግዜር አልደረሰ። እኔም ጋ የለ፤ አውጥቼዋለሁ። አንተ ጋ ነው ያለው። ይህን ሁሉ ዘመን ለካህናት አፍሬ፣ ለባጃጅ ዕቃ ሻጭ ነገርኩት።" አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለው ነበር። "ምን ቸግሮህ ነው?"

አንድ መልስ ነበረው። ቢናገረው እኒህ ሴት እንደሚያዝኑለት፣ እንዲያውም መኪናዋን እንደሚገዙ አወቀ። ስሜነሽ ግን እንዳትነግራቸው ብላዋለች።

"ምንም" አለ።

"ምንም ሳይቸግርህ?"

"አዎ።"

በዚያ ሰሞን ከዋሻቸው ሁሉ ለራሱ ያልጠቀመችው ውሸት ይህች ብቻ ናት።

"መኪናዋስ? ስለሷም ዋሽተሃል?"

"ስለሷ አልዋሸሁም። ሞተሯም፣ ዘይቷም፣ የጻፍኩት ሁሉ…"

"በምን ልመንህ?"

የሚያሳያቸው ነገር ፈለገ። ከእጁ በቀር አልነበረውም፤ እጁን ደግሞ ስመውታል።

ጫማቸውን አድርገው ወረዱ። ፈቃዱ ስልኩን ዘግቶ መጣ። "እማዬ፣ እንዴት ናት?"

"ወንበሩ ለወገቤ አልተመቸኝም።"

"እንዴ፣ አሁን እኮ…"

"አልተመቸኝም አልኩህ። እንሂድ።"

ፈቃዱ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ባዶ ራሱን የቀረውን ታረቀን አየ። "ይቅር ይበሉን አባታችን። ይህን ያህል አድክመንዎት" አለና ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሆነ። ታረቀ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አፉን ሊከፍትም ወደ ሴትዮዋ አየ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በዓይናቸው ዝም በል አሉት። ያፈሩት በሱ ይሁን በራሳቸው አልለየለትም።

"ማርቆስ ላድርሳችሁ" አለ።

"አይ" አሉ።

ሚኒባስ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆሙ። ታረቀም መሄድ አልቻለም፣ አጠገባቸው መቆምም አልቻለም፤ መርቸዲሷን ተደግፎ ከወዲያ ማዶ ቆመ። ሚኒባሱ ሲመጣ ረዳቱና ፈቃዱ ወይዘሮ ጥሩብርሃንን በብብታቸው ይዘው አንሥተው አስገቧቸው። እግራቸው ደረጃዋን ስትፈልግ ቆየች።

ስሜነሽ በሩ ላይ ደርሳ፣ ጣራውን የያዘውን ምሰሶ ተደግፋ ትጠብቀው ነበር። መኪናዋ ስትገባ ስታይ መልሱን አወቀች። ታረቀ ቁጭ ሳይል ሁሉንም ነገራት፤ የጻፈውን፣ ሻሹን፣ ሽሮውን ሳይቀር። ሽሮው ጋ ሲደርስ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። "ተወኝ፣ ስስቅ ያመኛል" አለች። ሴትዮዋ ጋ ሲደርስ መሳቁን ተወች።

"ለኔ ብለህ እንደሆነ ነገርካቸው?"

"አትንገር አላልሽኝም?"

ምሰሶውን በሌላ እጇ ያዘች። "ምን አሉህ ሴትዮዋ?"

"እሱን አልነግርሽም።"

"ካህን አይደለህ።"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ንገረኛ።"

"አልነግርሽም፣ ስሜ።"

ሰኞ ጠዋት መርቸዲሷን ሱቁ ፊት አቁሞ ደላላውን ራሱ ጠራው። እስከ ምሳ ከተማው ሰማ። "ምን ቸገረህ?" ላሉት ሁሉ የሚስቴ ዳሌ ነው አላቸው፤ ይህን ስሜነሽ ራሷ ነው ንገር ያለችው። አንድ የሙሽራ መኪና የሚያከራይ ሰው ከፌስቡኩ ዋጋ በጣም አውርዶ ገዛት። ቢሆንም ለሐኪሙ ይበቃል።

ለፋሲካ ማግስት አዲስ አበባ ቀጠሮ ተያዘላቸው። በአውቶቡስ ሄዱ፤ ስሜነሽ የፊት ወንበር ተለምኖላት ሥሯ ትራስ ተደረገ። ታረቀ ከኋላዋ ተቀምጦ በየኩርባው እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ደጀንን እንዳለፉ ስልኩ ጮኸ።

"አባ" አለ ፈቃዱ። "ይባርኩኝ።"

ስሜነሽ ዘወር ብላ ታየዋለች። አጠገቡ የተቀመጡት ሰውዬም ይሰማሉ። ታረቀ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ፈቃዱ፣ እኔ ካህን አይደለሁም" አለ።

"አውቃለሁ" አለ ፈቃዱ። "እናቴ ንስሐ አባት ያዘች፤ ከዚያ ነገረችኝ። ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ ነው።"

ታረቀ ይቅርታ ሊል ነበር። ፈቃዱ ግን ዘግቷል።

"ማን ነው?" አለች ስሜነሽ።

"መኪናዋን ሊገዛ የነበረው።"

ፊቱን አየችና ወደ ፊት ዞረች። አውቶቡሱ ዓባይን ቁልቁል መውረድ ጀመረ፤ ኔትወርኩ ጠፋ። ታረቀ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ድልድዩ ድረስ ሄደ።